ክቡር አቶ ነካ ነካ እና የፋይል ካርዳቸው

ደህና የሚሠራ ነገር ሁሉ አንድ ጠላት አለው። ጠላቱ ዝገት አይደለም፤ አይጥ አይደለም፤ የጣራ ፍሳሽም አይደለም። ጠላቱ ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ ይዞ የሚዞር ደግ ሰው ነው።

ታውቁታላችሁ። እህታችሁን ያገባው ሰውዬ ሊሆን ይችላል፤ ለጥየቃ መጥቶ፣ ገና ወንበር ሳይዝ፣ ምንም ያላለውን በር "ትንሽ ይንቋቋል መሰለኝ" ብሎ ይነቅለዋል። ቤተሰቡ በሩን ለሁለት ለሦስት ደግፎ ያመሻል። ጎረቤታችሁም ሊሆን ይችላል፤ ጥርት አድርጎ የሚናገረውን ሬድዮናችሁን ፈትቶ ሲገጥመው ሦስት ብሎን ይተርፈዋል። "ድሮም አያስፈልጉም ነበር" ብሎ ብሎኖቹን በእጃችሁ ያስጨብጣችኋል። ሬድዮው ከዚያ ወዲህ ዜናውን የሚያነበው በፉጨት ነው። ሰውየው ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበትማ ለፖሊስ ነግረን እንገላገል ነበር።

የእኛ መሥሪያ ቤት ድርሻ ክቡር አቶ ነካ ነካ ናቸው።

መሥሪያ ቤታችን የከተማውን ውሃ ያድላል። እኔ የመዝገብ ክፍሉን እይዛለሁ። በዩኒቨርሲቲም የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ነገርን በቦታው፣ ቦታን በስሙ፣ ስምን በደንቡ ማስቀመጥ። ነካ ነካ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊያችን ነው። አንድ ሥራ ጨርሶ ካስረከበ በኋላ፣ ወንበሩ ገና ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይመጣና፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ "ቆዩማ እትዬ፣ ትንሽ ነካ ነካ ላድርገው" ይላል። ስሙ በዚያው ቀረ። የሒሳብ ሹሟ ግን "እሱን ራሱን ነው ነካ ያደረገው" ትላለች።

የመጸዳጃ ቤታችንን የእጅ መታጠቢያ ነካ ነካ አድርጎታል። አሁን እጅ ለመታጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የሚታጠብ፣ አንዱ የሚጫን። ያውም በውሃ መሥሪያ ቤት።

እንግዲህ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት አሮጊት ሰርቨር ነበረችን። የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ሁሉ ያለው በእሷ ሆድ ነው። ማቃሰት ስትጀምር አዲስ ተገዛና ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን።

"እያንዳንዱ ፋይል ካርድ ይኑረው" አለ። "ካርድ ያለው ወደ አዲሷ ይሻገራል። ካርድ የሌለው፣ ባለቤቱም የማይታወቅ እዚያው ይቀራል። ዓርብ ጠዋት ሰዎች መጥተው አሮጊቷን ይወስዷታል። ሆዷን አጥበው ለሌላ ነው የሚሰጧት።"

እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። አጥበው።

ታናሽ እህቴ እዚሁ መሥሪያ ቤት አዳማጭ ነበረች። አዳማጭ ማለት መሣሪያውን አስፋልት ላይ አስደግፎ፣ ከመሬት በታች ቧንቧው የተሰነጠቀበትን ቦታ በጆሮው የሚፈልግ ሠራተኛ ነው። የቧንቧውን ድምፅ ይቀዳል፤ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር እያስተያየ መታመም አለመታመሙን ያውቃል። ቅጂውን ሲጀምርም መንገዱንና የቧንቧውን ቁጥር በራሱ ድምፅ ይናገራል። እህቴ የቀዳችው ሁሉ አሮጊቷ ማሽን ውስጥ ነበር። ድምጿ ሌላ ቦታ የለም፤ መቅዳት እንጂ መቀዳት አትወድም ነበር። ካረፈች ወዲህ ከእነዚያ ፋይሎች አንዱንም ከፍቼ አልሰማሁም። አልደፈርኩም። እዚያ መኖራቸውን ማወቁ ይበቃኝ ነበር።

እንግዲህ ሰኞ ነው፤ ዓርብ ይታጠባል፤ በመካከል ያለው ነካ ነካ ነው።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚሠሩትን የካርድ ቅርጽ "ክላስ" ይሉታል። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ያልተሞላ ካርድ ነው። ፋይሉን ራሱን አይዝም፤ ስለ ፋይሉ የሚባለውን ነው የሚይዘው። ስሙን፣ መጠኑን፣ ያለበትን ቦታ፣ የተሠራበትን ቀን፣ ባለቤቱን። ቅርጹ አንዴ ከተሠራ ማሽኗ ለእያንዳንዱ ፋይል በዚያው ልክ ካርድ እያወጣች ትሞላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰኞ ከሻይ ሰዓት በፊት ሠርቶ አሳየኝ። አምስት ሳጥን። እንደተተኮሰ አንሶላ ለጥ ያለ። ሙያዬ ነውና እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ዐይኔ ያርፋል።

"አለቀ?" አልኩት።

"አለቀ እትዬ።"

"በቃ አትንካው።"

"አልነካውም።" አንገቱ ዘንበል አለ። "ብቻ..."

"አንተ!"

"ትንሽ ነው እትዬ። ነካ ነካ።"

ከምሳ ስመለስ አምስቱ ሳጥኖች ወልደው ተዋልደው ነበር። "ፋይሉ ስንት ጊዜ ተከፈተ"፣ "መጨረሻ ያየው ማን ነው"፣ "ለጡረታ ደርሷል ወይ"። ከሁሉ በላይ የኮራበት ደግሞ "አስፈላጊነቱ" የሚለው ነበር። ምርጫውም፦ በጣም፣ በመጠኑ፣ እምብዛም፣ ለምን እንደተቀመጠ አይታወቅም።

ሳጥን መብዛቱ ባልከፋ። ክፋቱ ሌላ ነው። ቅርጹ በተነካ ቁጥር፣ በፊተኛው ቅርጽ የተሞሉት ካርዶች ለአዲሱ አይሆኑም። ማሽኗ "እነዚህን አላውቃቸውም" ትላለች። ሀ ተብሎ ይጀመራል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሠራተኛ አስተዳደር ፋይሎች ሊያልቁ ነበር፤ ነካ ነካ፤ ከሀ። ማክሰኞ ጠዋት ግዢ ክፍልን አልፈን ነበር፤ ነካ ነካ፤ ከሀ። የአዳማጮቹ ማኅደር ተራው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ከወንበሬ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ወንበሬ እመላለሳለሁ። እሱም ይመላለሳል። መሐል ላይ እንጋጫለን።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሒሳብ ሹሟ በሩን በእግሯ ከፍታ ገባች።

"የእኔን በጀት 'እምብዛም' ያለው ማን ነው?"

"እኔ አይደለሁም፣ ማሽኗ ናት" አለ ክቡርነታቸው። "ፋይሉ ከተከፈተ ዘመን ስላለፈው..."

"ያልተከፈተው ተዘግቶ ስላለቀ ነዋ! አንተን እናትህ በየቀኑ እየከፈተች ነበር የምታይህ?"

ስድብ ገብቶት ቢሆን መልካም ነበር። እሱ የገባው ሌላ ነው። ዐይኑ በራ። "ተዘግቶ ያለቀ!" አለ። "እውነት ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ሳጥን ይፈልጋል።" ተመልሶ ተቀመጠ። ከሀ።

እኔም በዚያ ሳምንት አንድ ነገር አዝዤዋለሁ፤ ሁሉን በእሱ አላላክክም። በደንቡ ያልተሰየመ ፋይል ሲገጥመው፣ ስሙን ራሱ አርሞ በቀን፣ በቦታና በቁጥር እንዲሰይመው ነገርኩት። ይህ ግን ነካ ነካ አይባልም። ይህ ሥርዓት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ወንበሬን ጎትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"እጅህን" አልኩት።

"የቱን?"

"ሁለቱንም። ከጭንህ ሥር አስገባ። ተቀመጥባቸው።"

ተቀመጠባቸው። ማሽኗ ካርድ ማውጣት ጀመረች። ጉልበቱ ግን የራሱ ሥራ ነበረው፤ ይርገበገባል፣ ጠረጴዛው ይርገበገባል፣ የእኔ ብርጭቆ ዳር ደርሶ ይመለሳል።

"እትዬ፣ ያቺ ሳጥን ትንሽ ወደ ግራ ብትል..."

"ተቀመጥ!"

"ተቀምጫለሁ እኮ።"

ሥራ አስኪያጁ ሲያልፍ አንገቱን አስገባ። "ምን አድርጎ ነው የታሰረው?"

"ምንም እንዳያደርግ ነው" አልኩት። ጥሩ ብሎ አለፈ።

እንዲህ ሆነን የሠራተኛ አስተዳደር አለቀ፤ ግዢ አለቀ፤ በጀቱም በክብር ተሻገረ። ወደ ሥራ መውጫ ሲሆን የአዳማጮቹ ማኅደር ተራ ደረሰ። ማሽኗም ቆመች። ቀይ መስመር፣ በቀይ መስመር ላይ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ "ባለቤት" ከሚለው ሳጥን ውስጥ ስም ሳይሆን አንድ ቁጥር ተቀምጧል፤ በሁሉም ላይ ያው ቁጥር።

ነገሩ ቀላል ነው። አዳማጮቹ ሁሉ ወደ ማሽኗ የሚገቡት በአንድ የጋራ መግቢያ ስም ነበር፤ ማን እንደፈቀደላቸው አትጠይቁኝ። ክፍላቸው ሲበተን መግቢያው ተዘጋ። መግቢያ ሲዘጋ ማሽኗ ስሙን ትረሳና ቁጥሩን ብቻ ይዛ ትቀራለች። ክላሱ ደግሞ ባለቤቱ የማይታወቅ ካርድ አልቀበልም ይላል። ትእዛዙ ይኸው ነበራ።

አንድ እጁን መዝዞ አወጣ። "ይህማ የአንዲት መስመር ሥራ ነው እትዬ። በሁሉም ላይ የእህትዎን ስም ልሙላበት?"

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"የእሷ ያልሆነም አለበታ። ጡረታ የወጡት ሽማግሌ የቀዱት አለ፤ ሌሎችም አሉ። በግምት ባለቤት አይሞላም።"

"ዓርብ እኮ ሊወስዱ..."

"ዓርብ መሆኑን አውቃለሁ!" ጮህኩበት። ከዚያ ቀን በፊት በመሥሪያ ቤት ጮኼ አላውቅም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ደንቡን ነገርኩት። ስም የሌለውን ነገር የማን እንደሆነ ለይተው የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። "እኔ አንድ ነኝ። እኔም ራሴ እህቷ ነኝ። ሽማግሌው ከተማውን ለቀዋል፤ ሌሎቹ ስልክ አያነሱም።"

"እኔም አላውቃቸውም" አለ። "የተቀጠርኩት ከእህትዎ በኋላ ነው።" ያወጣውን እጁን መልሶ ከጭኑ ሥር አስገባ። "ታዲያ እንስማቸዋ።"

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ማዳመጫ ይዞ መጣ። አንዱን ነካ ነካ አድርጎት ስለነበር የሚሠራው ቀኝ ጆሮው ብቻ ነው። ደህናውን ለእኔ ሰጠኝ።

የመጀመሪያው የሽማግሌው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መንገዱን፣ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን ተናገሩ። እንደ ደንቡ። ሁለተኛው የሌላ ሰው ነው፤ መንገዱን ረስቶ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ሦስተኛው ፋይል ስሙ "ይቺኛዋ" ይላል።

የጫማ ኮቴ። የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ። ከዚያም፦

"እሺ፣ አንቺ ቧንቧ" አለች እህቴ። "ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ?"

ማዳመጫውን አውልቄ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ታች ግቢው ውስጥ አንድ ሰው መኪና እያጠበ ነበር። መኪናውን እስኪጨርስ አየሁት። ከኋላዬ ምንም አልተንኳኳም፤ ምንም አልተፈታም።

ስመለስ፣ "እሳቸው ናቸው?" አለኝ።

"ናት።"

"መንገዱን መናገር የለባቸውም እንዴ?"

"አለባት።"

"አልተናገሩም።"

"መቼ ተናግራ ታውቃለች!" አልኩ፤ ድሮ የበረደ ንዴቴ ተመልሶ መጣ፤ መልካም ንዴት ነበር። "ስለዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው። እስቲ ስሞቹን እያቸው!"

አያቸው። "ይቺኛዋ"። "ይቺኛዋ ሌላ"። "አልቃሻዋ"። "ውሸታሟ"። ውሸታሟ ማለት፣ ከፍተን ስንሰማው፣ አፈሰሰች ተብሎ መንገድ ሊቆፈርላት የነበረች፣ ለካስ ድምፁ ከጎረቤት ወፍጮ የሚመጣ ቧንቧ ናት። እህቴ አሥር ጊዜ ሰምታ፣ "ውሸታም ነሽ፣ እኔን አታታልይኝም" ብላ ሄደች።

እንዲህ እያልን ረፈደ። እኔ "እሷ ናት"፣ "እሷ አይደለችም፣ እገሌ ነው" እላለሁ፤ እሱ ምልክት ያደርጋል። እኩለ ቀን ሲቃረብ ግን እኔ ሳልናገር ምልክት ማድረግ ጀመረ። ጠረጠርኩት።

"በል ዙር" አልኩት። "ወደ ግድግዳው።"

ዞረ። ፋይሎቹን አደበላልቄ አንዱን ከፈትኩ።

"ሽማግሌው" አለ።

ሌላ ከፈትኩ።

"እሳቸው።"

"ገና አልተናገረችም እኮ!"

"ከመናገራቸው በፊት በአፍንጫቸው ትንሽ ይስቃሉ።"

መልሼ ሰማሁት። እውነቱን ነው። ከመናገሯ በፊት፣ የምትለው ነገር እሷን ራሷን አስቀድሞ እንዳሳቃት፣ አየር በአፍንጫዋ ሽው ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ እህቴ ነበረች፤ አብረን በልተናል፣ ባንድ አልጋ ተኝተናል፣ ተቀያይመናል። ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። ይህ ሬድዮ የማያስተርፍ ሰውዬ፣ ባንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ በግማሽ ቀን አወቃት።

ደጋግሜ ፈተንኩት። አልሳተም። ሁለተኛው ምስክር ተገኘ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ጉልበቱ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።

መጨረሻ የቀረው ፋይል ስሙ "እቴቴ እንዳትሰማ" ይላል። እቴቴ እኔ ነኝ። ታላቋ ስለሆንኩ እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ።

"ልለፈው?" አለ።

"ክፈተው።"

በአፍንጫዋ ሽው አለች። ከዚያ የእኔ ድምፅ መጣ። የእኔ አይደለም፤ እሷ ናት፤ ግን ቁርጥ እኔን፦ "'የፋይል ስም በቀን ይጀምራል፣ በቦታ ይቀጥላል፣ በቁጥር ያልቃል! ዕቃ የሚጠፋው ስሙን ያጣ ዕለት ነው!'" አጠገቧ ያለው ሰው ከት ብሎ ሳቀ። "ሰማሽ አንቺ ቧንቧ? ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ቁጥር ነው። እንዳታለቅሺ።" ከዚያም ውሃው ብቻ ሲሄድ ይሰማል፤ ብዙ፣ ረጋ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ሥር።

ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አልጽፈውም። እሱ የጠረጴዛውን ብሎን አየ፤ ብሎኑ ላልቶ ነበር፤ አላጠበቀውም።

ካርዶቹ ሁሉ ሞሉ። የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ሲጫን ማሽኗ ደንብ ያልጠበቁትን ስሞች ታርምና ሁሉንም ወደ አዲሷ ታሻግራለች።

"በል ተጫነው" አልኩት።

ጣቱ ቁልፉ ላይ ደረሰ። መልሶ ሰበሰበው።

"ስሞቹ ይታረማሉ እኮ፣ እትዬ።"

"ይታረሙ። ደንብ ነው። ያዘዝኩህም እኔው ነኝ።"

"አይ" አለ።

"ምን አይ?"

"ይቅር። ደህና ነው።"

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። "ደህና? 'ይቺኛዋ ሌላ' የሚል ስም ደህና ነው?"

"ማን እንዳወጣው ያስታውቃላ።" አንገቱ ዘንበል አላለም፤ ቀጥ ብሎ ነበር። "እኔ እንደው... ምንም ባይነካ ነው የምለው።"

ይህን ሲል እናቱ ብትሰማ ኖሮ ሐኪም ታስጠራ ነበር።

ወዲያ ወዲህ አልኩ። ደንብ ለአንዱ ከተሰበረ ደንብ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ለሰው ሁሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። መውጫ ፈለግሁ። "እንግዲያው 'ስሙ አይታረም' የሚል አንድ ሳጥን ጨምርበት። ቢያንስ በካርዱ ላይ ይታወቅ።"

"ሳጥን?!" ከወንበሩ ተነሣ። "እትዬ ይሙቱ፣ ሳጥን ከጨመርን ከሀ ነው! ነገ ጠዋት ሊወስዷት፣ አሁን ቅርጹ ይነካል? እርስዎ ደግሞ አርፈው አይቀመጡም እንዴ!"

ተያየን። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም።

"ታዲያ ምን እናድርግ?" አልኩ።

"እንተወዋ።"

ማረሚያውን ለዚያ ማኅደር ብቻ ዘጋው። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ሰዎቹ መጥተው አሮጊቷን በጋሪ እየገፉ ወሰዷት። አልሸኘኋትም። አዲሷ ማሽን ፊት ተቀምጬ የአዳማጮቹን ማኅደር ከፈትኩ። ይቺኛዋ። ይቺኛዋ ሌላ። አልቃሻዋ። በእነዚህ በያንዳንዳቸው ካርድ ላይ፣ "ባለቤት" ከሚለው ጎን፣ የእህቴ ስም ከነአባቷ ተጽፏል። በእኔ እጅ ባለ መዝገብ ሁሉ ውስጥ የዚህን ያህል የተዝረከረከ ቦታ የለም።

ማዳመጫውን ላደርግ ስል፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ከባድ ነገር ጓ ብሎ ወደቀ። ብሎኖች ደረጃውን ይዘው ተንከባለሉ። የሒሳብ ሹሟ ጩኸት ተከተለ።

"ምንም አይደለም እትዬ!" የሚል ድምፅ መጣ። "የኮሪደሩ መብራት ነው! ደህና ይሠራ ነበር፣ እኔ ነኝ ትንሽ..."

"ሳትቸኩል ነካ ነካ አድርገው" አልኩት።